ስለ አሮጌ ቤቶች ብርድና ሙቀት፤ በወልድያና በመርሳ



የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱን መርጦ ከሚገባበት ጊዜ ይልቅ የተገኘውን ተከራይቶ የሚገባበት ጊዜ ይበዛል። ዛሬ በወልድያ ተመድቦ ይሠራል፤ ጥቂት ዓመት እንደ ቆየ ወደ መርሳ ይዛወራል። በወልድያ ሳለ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ቢደርብም እግሩ አልሞቅ ይለዋል። ወደ መርሳ በወረደ ጊዜ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ምሳውን በልቶ ጥቂት ጋደም ልበል ቢል ቤቱ እንደ ምጣድ ይግልበታል። ከዚህ የተነሣ በመጀመሪያው ከተማ ብርዱን፥ በሁለተኛው ከተማ ሐሩሩን እያማረረ ሁልጊዜ አየሩን ይወቅሳል። እኛ ግን ዛሬ ከአየሩ ይልቅ ቤቱን እንድትመረምሩት እንጋብዛችኋለን።

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይገለጥልናል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያኽል ይቀንሳል። እንግዲያስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ልዩነት ከሦስት ዲግሪ እምብዛም አይርቅም ማለት ነው። የወራቱን መለዋወጥ ጨምረን ብናስበው እንኳ ይህ ልዩነት አንዱን ሰው እስኪንቀጠቀጥ፥ ሌላውን እስኪታፈን የሚያደርስ አይደለም። የቀረውን የሚሠራው ራሱ ቤቱ ነው። ሁለቱም ቤቶች የጭቃ ግድግዳና ያለ ኮርኒስ የቀረ የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው እንደ ሆነ፥ በደጋው የሚያበርደውና በቆላው የሚያቃጥለው አንድ ዓይነት ጉድለት ነው።

ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን የሣር ቤት ማስታወስ ያስፈልጋል። የሣር ክዳን ወፍራም ነው፤ በየሰበዙ መካከልም ብዙ አየር አምቆ ይይዛል። ታምቆ የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ጋቢ የሚያሞቀን ፈትሉ ራሱ ሙቀት ኖሮት ሳይሆን በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ የሣር ክዳንም ለቤቱ እንደ ጋቢ ነበረ። ግድግዳው ደግሞ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የበሰለ ጭቃ ነው። የሸክላ ምጣድ ቶሎ እንደማይግል፥ ከጋለም በኋላ ቶሎ እንደማይበርድ የምታውቁ ሁሉ የጭቃ ግድግዳ ጠባይ አይጠፋችሁም። የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊት ደግሞ ቀስ ብሎ ይመልሳል። በዚሁ በሰሜን ወሎ፥ በላስታ፥ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው በቀትር ፀሐይ ከደጅ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚቀበለው ቅዝቃዜ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ወፍራሙ ዐለት የቀንና የሌሊቱን መለዋወጥ ውጦ ያስቀረዋል። በላሊበላ ከተማ በክብ የተሠሩት ባለ ደርብ የድንጋይ ቤቶችም ወፍራም ግድግዳንና የሣር ክዳንን አጣምረው በዚህ ጥበብ የኖሩ ናቸው።

ይህን ስንል የሣር ቤትን እያሞገስን ቆርቆሮን ለመንቀፍ አይደለም። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ እሳት ይፈራል፤ አይጥና ተባይ ይጠለልበታል። ቆርቆሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ መስፋፋት የጀመረው ሰው ስለ ተሞኘ አይደለም፤ ከዝናምና ከቃጠሎ ስለሚያድን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ከአሥመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለካሚዮን ከተበጀ ወዲህ ደግሞ እንደ መርሳና እንደ ወልድያ ላሉ በመንገዱ ላይ ለሚገኙ ከተሞች ቆርቆሮ ማድረስ ቀላል ሆነ። የተሳሳተው ነገር ሌላ ነው። ሣሩ በተነሣ ጊዜ ሁለት ሥራ የሚሠራ ነገር ተነሣ፤ ዝናምንም ይከለክል ነበር፥ ሙቀትንም ይጠብቅ ነበር። ቆርቆሮው የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ተረከበ። ሁለተኛው ሥራ ባለቤት ሳይኖረው ቀረ።

አሁን ቆርቆሮው በቀንና በሌሊት ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ብረትም ሙቀትን ከሣር ይልቅ ብዙ መቶ ጊዜ አብልጦ ያስተላልፋል። አዲስ ሳለ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ከፀሐይ ብርሃን ከፊሉን ይመልሳል፤ ሲዝግና ሲጠቁር ግን አብዛኛውን ይጠጣል። ያረጀ ቆርቆሮ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ቀትር ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንግዲህ ከራሱ በላይ የተደፋ ትልቅ የብረት ምጣድ አለ ማለት ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ በዚያ ቤት የሚያስጨንቃችሁ የአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም። ከምድጃ ፊት የተቀመጠ ሰው አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፊቱ እንደሚለበልበው ሁሉ፥ የጋለው ጣራ ሙቀቱን በጨረር ቀጥታ ወደ አናታችሁ ይልከዋል። በር ብትከፍቱ፥ ነፋስ ብታስገቡ ያ ጨረር አይቆምም። የሚያቆመው በመካከል የሚጋርድ ነገር ብቻ ነው።

ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት ቆርቆሮው ያለውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይበትናል፤ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ማለዳ ሣሩ ላይ ጤዛ የሚያስቀምጠውም ይኸው ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ከሰውነታችሁ የሚወጣው ሙቀት ወደ ቀዘቀዘው ጣራ ይሄዳል፤ በሩ ተዘግቶ ሳለ «ነፋስ ገባብኝ» የሚያሰኛችሁ ብዙ ጊዜ ነፋስ አይደለም። ከዚህም በላይ የትንፋሻችሁና የሻይ ጀበናው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ብረት ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። በታኅሣሥ ወር፥ ዝናም በሌለበት ሰሞን፥ ጣራ አፈሰሰብኝ ብሎ ቆርቆሮ መቺ የሚያስጠራ ሰው ጥቂት አይደለም። ሠራተኛውም ወጥቶ ሚስማር ያጠብቃል፤ ዋጋውንም ይቀበላል፤ ውሃው ግን በማግስቱ ይንጠባጠባል።

በአገራችን ጣራው ከግድግዳው አብልጦ የሚጎዳበት ምክንያት ከፀሐይ አካሄድም ይመጣል። ወልድያና መርሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ያኽል ርቀው ስለሚገኙ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 16 ቀን ገደማ፥ ቀትር ላይ በቀጥታ ከአናት ትቆማለች። በሰኔ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያኽል ብቻ ታዘነብላለች። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት የቀትሩን ፀሐይ የሚቀበለው ጣራው ነው፤ ግድግዳውን የሚያገኘው የማለዳውና የማታው ፀሐይ ነው። በታኅሣሥ ግን ቀትር ላይ ወደ ደቡብ 35 ዲግሪ ያኽል ታዘነብላለች። ከዚህ የተነሣ ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በብርዱ ወራት ፀሐይን ወደ ቤት ያስገባል፥ በሙቀቱ ወራት ግን አጭር የጣራ ክፈፍ ብቻ ያስጠልለዋል። ወደ ምዕራብ የሚከፈተው መስኮት በተቃራኒው ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለውን ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመጣ ይቀበላታል፤ ክፈፍም አይከልላትም። ቤት ስትከራዩ ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ እንደምትጠይቁ ሁሉ መስኮቱ ወዴት እንደሚመለከት ማየት ይገባችኋል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ከሁሉ በፊት ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ በጣራውና በእናንተ መካከል አየር አስቀርቶ፥ ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ በከፊል ይሠራል፤ በቀን ጨረሩን ይጋርዳል፥ በሌሊት ሰውነታችሁን ከቀዝቃዛው ብረት ይለያል፥ በክረምትም የበረዶውን ጩኸት ያበርዳል። የግድ ውድ መሆን የለበትም። አባቶቻችን አቡጀዲ ወጥረው ኖራ ይቀቡት ነበር፤ ያም ከምንም ይሻል ነበር። ችፑድ ከአቡጀዲ ይሻላል፤ ወፈር ያለ ነገር ሁሉ ከስሱ ይበልጣል። ዛሬ በብዙ ቤት የሚታየው የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ ግን ያሳስበናል። ጨረሩን በመጠኑ ይጋርዳል፤ ነገር ግን ላስቲክ በመሆኑ እሳት ካገኘው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ማዳበሪያ ኮርኒስ ባለበት ክፍል ሻማ ወይም ኩራዝ ወደ ላይ ማስጠጋት አደገኛ ነው።

በመርሳና በሌላው የሀብሩ ቆላማ ቀበሌ የሚኖር ሰው ከኮርኒሱ በላይ ያለው የጋለ አየር መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ አለበት። ይኸውም በጣራው ጫፍ በሁለቱም ወገን፥ ከኮርኒሱ በላይ፥ ወንፊት ሽቦ የተመታበት ቀዳዳ መተው ነው፤ የጋለ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በራሱ ይሄዳል። ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባትም ብዙ ይረዳል። ነጭ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል፥ የተቀበለውንም ሙቀት ቶሎ ይለቃል። ኖራ ግን ለግድግዳ እንጂ ለቆርቆሮ አይሆንም፤ ዝናም ያጥበዋል፥ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውንም ዚንክ ይበላዋል። በስተ ምዕራብ የተተከለ የማንጎ ዛፍ ከሁሉ ይበልጣል፤ ብቻ ትዕግሥት ይፈልጋል፥ ተዛዋሪ ሠራተኛም ለሚቀጥለው ሰው የሚተክለው ይሆናል።

ስለ መስኮት አከፋፈት ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሚገባው ተቃራኒ ነው። ቀትር ላይ ሞቀኝ ብሎ መስኮቱን ይከፍታል፤ ሌሊት የወባ ትንኝ ትገባለች ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ሲያደርግ የጋለውን የቀን አየር አስገብቶ፥ ቀዝቃዛውን የሌሊት አየር ይከለክላል። የጭቃው ግድግዳ ሥራውን እንዲሠራ ከተፈለገ ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መስኮቱ መዘጋትና መጋረድ፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መከፈት አለበት። ግድግዳው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ አድሮ ቀኑን ያበርዳችኋል። የወባ ትንኝ ስጋት በሀብሩ ቆላ እውነተኛ ስጋት ነው፤ እርሱን የሚመልሰው መስኮቱን መድፈን ሳይሆን በመስኮቱ ላይ የሚመታ የሽቦ ወንፊትና በአልጋው ላይ የሚዘረጋ አጎበር ነው። አየር በአንድ በኩል ብቻ ተከፍቶለት አይዘዋወርም፤ መግቢያና መውጫ፥ ማለት ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት መስኮቶች ወይም መስኮትና በር ያስፈልጉታል።

አሁን ወደ ወልድያ እንመለስ፤ ከዚህ ላይ ነገሩ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

የበረደው ሰው እሳት ይፈልጋል። የከሰሉን ማንደጃ በደጅ አቀጣጥሎ፥ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባና በሩን ይዘጋል። ይህ ልማድ ከአያቶቻችን የመጣ ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ነገር ግን አያቶቻችን እሳቱን ያነድዱ የነበረው ጭሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ በሚወጣበት ቤት ነበረ። ጭሱ ዐይናቸውንና ሳምባቸውን ጎድቶት ይሆናል፤ ቤቱ ግን ይተነፍስ ነበር። ዛሬ ጣራው ቆርቆሮ፥ ከሥሩ ኮርኒስ፥ መስኮቱ መስተዋት፥ የበሩ ሥርም በጨርቅ የተደፈነ ነው። ቤቱ ተለወጠ፤ እሳቱ ግን እንደ ቀድሞው ቀረ። ኮርኒስ ሥሩ ብለን የመከርናችሁ እኛ ራሳችን ስለ ሆንን ይህን ሳናስጠነቅቅ ብናልፍ ከበደል ይቆጠርብናል።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ አየር ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዐይንም አያቃጥልም። ፍሙ ጭስ አቁሟል ማለት መርዙ ቆሟል ማለት አይደለም፤ ዐመድ የለበሰ ረመጥ እንኳ ያመነጨዋል። ወደ ሳምባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክሲጂን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ አያያዙም ከኦክሲጂን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክሲጂን ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። የነቃ ሰው ምናልባት ይጠረጥርና ይወጣ ይሆናል። የተኛ ሰው ግን ራሱ ሲያመው አይሰማውም፤ እንቅልፉ ወደ ሞት ይለወጣል። በአገራችን በከሰል ጭስ ቤተ ሰብ በሙሉ በተኛበት አለቀ የሚል ወሬ ስንሰማ፥ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ይህንኑ ታሪክ ነው።

ስለዚህ የከሰል ማንደጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር። ለጥቂት ጊዜ መሞቅ ካስፈለገ መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ ከመኝታ በፊትም ማንደጃው ከነዐመዱ ከቤት ይውጣ። በአንድ ክፍል ብዙ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ምግቡን ከመጠርጠራችሁ በፊት ማንደጃውን ተመልከቱ። ተኝቶ አልነቃ ያለ ሰው ካገኛችሁ በመጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ተሻለኝ ቢልም አድርሱት፤ ጉዳቱ ቆይቶ የሚገለጥበት ጊዜ አለና።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከዚህ መርዝ ነጻ ነው፤ ሆኖም በአሮጌ ቤት ያለው የመብራት ሽቦ ለአምፖል ብቻ ተብሎ የተዘረጋ ስለሚሆን ማሞቂያ ሲሰካበት ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። ደግሞም መብራት ሁልጊዜ አለ ብሎ መታመን አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወልድያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት መብራት አጥታ ስትቆይ፥ የቀረው መተማመኛ ወፍራም ግድግዳና የተዘጋ መስኮት ነበር። ያለ ነዳጅና ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን መንገድ ማስቀደም የሚበጀው ስለዚህ ነው። በበጋው ወራት ቀን የደቡቡን መስኮት ከፍቶ መጋረጃውን ገልጦ ፀሐይን ማስገባት፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት መልሶ መዝጋትና በወፍራም መጋረጃ መጋረድ፤ ሊሾውን በሰሌን ወይም በምንጣፍ መሸፈን፤ አልጋውን ከውጭው ግድግዳ ማራቅ፤ እግር ሥር የሙቅ ውሃ ላስቲክ ማኖር። እነዚህ ተራ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ተደምረው ሲታዩ ማንደጃውን ያስረሳሉ።

ስለ ግድግዳው አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ የቤት ባለቤት የጭቃውን ግድግዳ ለማሳመር በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ግን እንደ ጭቃ አይተነፍስም፤ ከመሬት የሚወጣውና በስንጥቁ የሚገባው እርጥበት ውስጥ ይታመቃል። እርጥብ ግድግዳ ከደረቅ ይልቅ ሙቀትን ያሳልፋል፥ ስለዚህ ይበርዳል፥ ይሻግታል፤ ቆይቶም ልስኑ እየተላቀቀ ይወድቃል። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው የጭቃ ምርግ፥ ከላዩም ኖራ ነው። ከግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይቆም ቦይ መቅደድ ደግሞ ከማናቸውም ልስን ይቀድማል።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሠራተኛ «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ በሰው ቤት ላይ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆነ ወዲህ፥ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራያቸው አነስተኛ በመሆኑ ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ አልተሰበሰበባቸውም፤ ተከራዩም ነገ ልነሣ እችላለሁ በማለት እጁን ሰበሰበ። በዚህ መካከል ዝገቱ ጣራውን፥ እርጥበቱም ግድግዳውን ሲበላ ኖረ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆናችሁ እድሳት ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ብትጠይቁ በኋላ ከሚነሣው ክርክር ትድናላችሁ። ከግለሰብ የተከራያችሁ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጥገና የደነገገውን መመልከት ይጠቅማችኋል። የኮርኒሱ ወጪ ከኪራዩ በየወሩ እንዲታሰብ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ በውሉ ላይ ማስፈር ይቻላል፤ ባለቤቱም ቤቱ ስለሚሻሻልለት ብዙ ጊዜ አይጠላውም። ጊዜውን ምረጡ እንጂ፤ ዝናሙ ካባራ በኋላ፥ በጥቅምት፥ እንጨቱ ደረቅ፥ ቆርቆሮውም የት እንደሚያፈስ በክረምቱ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ጣራውን ደፍኖ ኮርኒሱን ለመምታት ከኅዳር ብርድ በፊት አንድ ወር ሙሉ ይገኛል።